ምሰሶዬና የካውያው ሶኬት

በየትኛው ዓመት እንደነበር አሁን በትክክል አላስታውሰውም። ጣሊያን ሆሳዕና ገብቶ የመብራት ሞተር ካስተከለ በኋላ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ ከብት ይደነብር ነበር።

እኔ ያኔ የአንድ ሹማቸውን ልብስ እያጠብኩ እተኩስ ነበር። ቤቴም ከግቢው አጥር ጀርባ ነው። ሹሙ ቤት ሁለት ዓይነት ሶኬት ነበረ፤ ቀዳዳው ቀጭን የሆነው ለመብራትና ለራዲዮ፣ ወፍራሙ ለካውያ። የካውያውን ሽቦ ጫፍ እግር በቀጭኑ ቀዳዳ ልክተት ብትል አይገባም። ታዲያ ሹሙ የካውያው ሙቀት ሰለቸውና "ሽቦው ወደ አጣቢው ቤት ይዘርጋ፣ እዚያው ይተኩስ" ብሎ አዘዘ።

አንድ ጣሊያን የመብራት ሠራተኛ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ሶኬቱን ግድግዳው ላይ አድርጎ ብሎኑን ቢያጠብቀው ጭቃና ጭድ ይዞ ወጣ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያም ረገፈ። ቀና ሲል መሀል ቤት የቆመውን ምሰሶ አየና ፊቱ በራ።

ያን ምሰሶ አባቴ ከሞርሲቶ በኩል በሰው ትከሻ አስመጥቶ ያቆመው ነው። በእኛ ቤት ሽማግሌ የሚመርቀው እሱን ይዞ ነው፤ ብረት አይመታበትም። አባቴም የመጨረሻ ምርቃቱን የሰጠኝ እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ነው። ሄጄ ጀርባዬን ለጠፍኩበትና ቆምኩ።

"ምን ሆንክ? ዞር በል እንጂ!" አለኝ አስተርጓሚው። የሸዋ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም።

"አልልም፣ ጌታዬ።"

"እንጨት እኮ ነው!"

"እንጨትማ ጫካው ሙሉ አለ። እዚያ ይምቱ።"

"ሰውዬ፣ ዛሬ ካልተተከለ ነገ ቤቱን ያፈርሱብሃል። ለአንዲት ሶኬት ብለህ ሜዳ ላይ ልታድር ነው?"

"ያፍርሱት። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።"

ሚስቴ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ነበርና ጩኸቱን ሰምታ ገባች። አየችን። ተመልሳ ወጣች። ቆይታ የምትፍቅበትን ሳንቃ በጨርቅ ወልውላ፣ ተሸክማ መጣች። ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከማገሩ ጋር በቃጫ ገመድ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

"ይኸው ጠንካራ እንጨት። የራሴ ነው፣ ማንም አልመረቀበትም። እንዳሻችሁ ብሱት።"

"አንቺስ በምን ልትፍቂ ነው?" አለ አስተርጓሚው እየሳቀ።

"እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ ቆጮ አይበሉ፣ ምን አሳሰበዎት?"

ብሎኑ ሳንቃውን ነክሶ ያዘ። ሠራተኛው ደስ ብሎት ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እሷ ግን ሌላ ሳንቃ እስኪጠረብላት ከጎረቤት እየተዋሰች ከረመች።

ዛሬ ልጆቼ "ለአንድ ግንድ ብለህ ቤትህን ልታስፈርስ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሶኬት ተካዮቹ ነገ ተመልሰው ዞር በል ቢሉኝም አልልም። ግን እልህ ብቻውን ቤት አያቆምም ነበር። ከዚያ ቀን ጣጣ ያወጣችኝ ሚስቴ ናት፣ የልጆቼ እናት።