ቢራው ከጠራ ወዲህ

ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የምናስተምር አራት ጓደኛሞች የቢራ አዋቂዎች ነን። አዋቂ ብሎ የሰየመን የለም፤ ራሳችን ነን። በከተማችን ሐይቁ ዳር የራሱን ቢራ የሚጠምቅ አንድ ትንሽ ቤት ሲከፈት በቴሌግራም ስሙን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ቢራው ደፍረስ ያለ፣ አረፋ የሌለው፣ ጢስ ጢስ የሚል ነበር። «ከውጭ በመጣ የእንጨት በርሜል ቢቆይ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ እየመጣ ጠጣ። «አረፋው የታለ?» ያለውን ሁሉ «አንተ ቢራ አታውቅም» እያልን አሳፈርነው።

ዘንድሮ ቢራው ጠራ፤ አረፋም አወጣ። «እንደ ማንኛውም ቢራ ሆነ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቤቱም ጭር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ መራዊ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቢጫ ጀሪካን ካቀፉ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥሁ። ለክርስትና ይዘው መሄዳቸው ነው። እንዳይፈነዳ ክዳኑን ላላ ሲያደርጉት ያ ጢስ ሸተተኝ። ሳላፍር ለመንኋቸው፤ በክዳኑ ቀዱልኝ። ራሱ ነው!

«እማማ፣ ይህን ቢራ ከየት አገኙት? ጠፍቷል እኮ!»

«የምን ቢራ? ጠላ ነው እንጂ» አሉኝ። «ጋኑን በወይራ አጥኜ የጠመቅሁት።»

«ሐይቁ ዳር ያለው ቤት ይሸጥ የነበረው እኮ ይህንኑ ነው!»

«አዎ፣ እኔ ነበርሁ የማቀርብላቸው። ሥራ እንደጀመሩ ማሽናቸው ተበላሽቶባቸው» አሉ ክዳኑን መልሰው እያጠበቁ። «ከተሠራላቸው ወዲህ ግን አልጠሩኝም።»