ከሕዝቅያስ ታሪክ የዘለልሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባታችን እንኳ ትንንሹን ኃጢአቴን እየዘረዘርሁ ይህን አልፌዋለሁ። ዓይን አፋር ስለሆንሁ ዝም ስል ሰው «ጨዋ ናት» ይለኛል። ዝምታዬ ምን እንደሠራ የሚያውቅ የለም። አሁን ግን መሸከሙ ደከመኝ።

ቤታችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ጎናቸውን አሟቸው በተኙበት ክረምት፣ አንድ ጊዜ በስብከት የሰሙትን የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ጣዖት የሰባበረ፣ በአምላኩ የታመነ፣ ለሞት ሲታመም አልቅሶ ጸልዮ ዐሥራ አምስት ዓመት የተጨመረለት ንጉሥ ነው።

አነበብሁላቸው። ግን አንድ ቦታ ዘለልሁ። ንጉሡ ከማልቀሱ በፊት ነቢዩ መጥቶ እንደሚሞት፣ ቤቱንም እንዲያሰናዳ ነግሮታል። ይህን አየሁትና አለፍሁት።

ለምን አለፍሁት? እንዳይደነግጡ ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። የአባቴ ቤት ያልተሰናዳው በምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከታናሽ ወንድማቸው ከአጎቴ ከመኩሪያ ጋር ተኳርፈዋል። አጎቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወንድሜን ሲሳይን መርጦ የላከው እሱ ነው። ቀጥሎ በመጣው ዙር የራሱ ልጅም ሄዷል። ይህንንም አውቅ ነበር። ቢሆንም ጠላሁት። አባቴ ቤቴን ላሰናዳ ካሉ እሱን እንደሚያስጠሩ አውቄ ዘለልሁ። እኔ ነኝ የዘለልሁት።

የንስሐ አባታችን ከወንድማቸው ሳይታረቁ እንደማያቆርቧቸው ነግረዋቸው ነበር። አባቴ ግን ከንባቡ በኋላ አልቸኮሉም።

«እሱ ጣዖት ሰበረ፤ እኔ የሰበርሁት ሞፈር ብቻ ነው» አሉ እየሳቁ። «እግዚአብሔር ለኔም ጥቂት ዓመት አይነፍገኝም። የመኩሪያን ነገር መኸሩ ሲገባ እናየዋለን።» ቆይተው ደግሞ «ለመሆኑ ቀድሞ ያስጠነቀቀው የለም? ዝም ብሎ ታሞ ዳነ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባባ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ መጣ። እኔ በር ላይ ነበርሁ። አጥሩ ጋ በዱላው ተደግፎ ቆመ።

«ጋሼ ነቅተዋል?»

«ተኝተዋል።»

«እኔ ስመጣ ነው እንዴ የሚተኙት?» አለ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይግባ ብለው ከሆነም ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም።»

አባቴ እንዲህ ብለው አያውቁም። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልሁ። ዝም ስል ምን እንደሚገባው አላወቅሁም? አውቄአለሁ። ዱላውን ይዞ ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ማለዳ የአባቴ ትንፋሽ ከበደ። «መኩሪያን ጥሪልኝ» አሉ። ያን ጊዜ ሮጥሁ። አጎቴ ለስብሰባ ወደ ከተማ ወጥቶ ኖሮ አጣሁት። ስመለስ አንደበታቸው ተዘግቷል። ሳይታረቁ፣ ሳይቆርቡ አረፉ።

ከቀብር መልስ አጎቴ ጠጋ ብሎ «ስሜን አንሥተው ነበር?» አለኝ። «ጠርተውሃል» ብዬ ብነግረው፣ በር ላይ የመለስሁት እኔው መሆኔ ሊወጣ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ፣ አላነሡም ብዬ። ሰዉ ወንድሙ ቂም እንደያዘበት ሞተ ይላል። እሱም አምኖታል። ገበያ ውስጥ ሳየው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄድ።

እግዚአብሔር ለዚያ ታማኝ ንጉሥ ዕድሜ ሲጨምርለት አስቀድሞ እውነቱን ነግሮት ነው። እኔ አባቴን ቸርነቱን አስጨብጬ እውነቱን ነጠቅኋቸው። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ማንበብ የምችል ሰው ነበርሁ። ይህን የምታነቡ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው አጎቴ ከወንዙ ማዶ፣ ከቤቱ ነው ያለ፤ እሱም ምን እንደበደልሁት ገና አያውቅም።