የጣውንቶቹ ቤት

ሰው ሁሉ መቀስ ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ነው። አንዴ አንድ ደንበኛ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና፣ "አንገቴን የበሬ አስመሰልሽው እኮ!" ቢላት፣ "እኔ ለካሁት እንጂ አልሠራሁትም" ብላ አፉን አስያዘችው።

ቤቷ አስፋልቱ ዳር ናት። የፊተኛው ክፍል ሱቅ ነው፤ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ። የኋለኛው ክፍል መኝታ ነው። የሚሰፉት የተማሪ ዩኒፎርም ነው። መቀስ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ቃል ሳትተነፍስ ወደ ትንሿ ትወረውራለች። ትንሿ ደግሞ ለምን ሳትል መስመሩን ተከትላ ትሰፋለች። ቤቱም የሚተዳደረው እንደዚሁ ነው። ከአከራይ ጋር የምትከራከር መቀስ፣ ለልጅቷ ትምህርት ቤት የምትመርጥ መቀስ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን የምትል መቀስ። ትንሿ "እሺ እትዬ" ትላለች፣ አለቀ።

ትንሿ ማን ናት? ጣውንቷ ናታ! አዎ፣ ጣውንቷ። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ይኼ ጉደኛ በመንገዱ በዚህኛው ጫፍ መቀስን፣ በዚያኛው ጫፍ ትንሿን አስቀምጦ፣ አንዷን ከአንዷ ደብቆ ሲመላለስ ኖረ። መቀስ አልወለደችም። እሱም ይህንኑ በየሄደበት "ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው" እያለ ያወራ ነበር። ዕድሉ! በኋላ ሦስተኛ ሴት አገኘና ከሁለቱም ጠፋ።

ትንሿ ሕፃን አዝላ፣ ባሏን ፍለጋ ስታጠያይቅ የደረሰችው መቀስ በር ላይ ነው። ያን ቀን መቀስ ያላለቻት ነገር የለም። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተመለከተ፣ ከልካይ የለ፣ ገላጋይ የለ። ስድቡ መሀል ላይ ሕፃኗ ሳለች። ደረቅ፣ የሚቧጥጥ ሳል። መቀስ ስድቧን አቋረጠችና፣ "ይቺን ልጅ ሐኪም አይቷታል?" አለች። ከዚያ "እስኪሻላት ግቡ" አለች። ያቺ ልጅ ዛሬ በቁመት ሁለቱንም ትበልጣለች፤ እስካሁን "ተሻላት፣ ውጡ" ያለ የለም።

መጀመሪያ ላይ ትንሿ የምትሠራው ልብስ ፋብሪካ ነበር። ልጅቷ ሳትነቃ ትወጣለች፣ ስታንቀላፋ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛው ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ የምትጫወተው መቀስ ጋ ነው። አፏን ስትፈታም "እማዬ" ያለችው መቀስን ሆነና አረፈው። የወለደቻትን "እቴቴ" ትላታለች። ትንሿ በዚህ ስቃ ታልፋለች። መቀስም፣ የሳቀ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይመስል፣ ከሳቁ ሥር ምን እንዳለ ጠይቃ አታውቅም።

ሰው ግን አያርፍም። ሥራ የለውም እንዴ ሰው? ባል የሌለበት ቤት፣ ያውም ሁለት ጣውንት፣ "እንዴት ተስማሙ? የሆነ ነገር ቢኖር ነው እንጂ" ይላል። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር አንድ ቀን ቢሮው ጠርቷቸው፣ "የልጅቷ እናት ማናችሁ?" አለ። ሁለቱም "እኔ" አሉ።

"አንዳችሁ እባካችሁ ውጭ ጠብቁ።"

"ልጅቷ ያጠፋች ዕለት አንዳችን ብንቀር 'ሌላኛዋስ?' ትል የለ እንዴ? ወንበር ጨምር!" አለችው መቀስ። ጨመረ።

እንግዲህ ሹፌሩ ዐይኑን በጨው ታጥቦ የመጣው እዚህ ቤት ነው። ከምሳ በኋላ ነበር። ትንሿ ከልጅቷ ጋር ዩኒፎርም ለማስረከብ ወጥታለች። ታላቅ ወንድሙን አስከትሎ ገባና፣ ቁጭ በል ሳይባል ትንሿ የምትሰፋበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ ጥርሱ ሳስቷል። መቀስ ደሟ ፈላ።

ወንድምየው ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጨዋ ሰው ነው። "ያለፈው አልፏል" አለ። "እሱም ብቻውን ቀርቷል። ጓሮ ያለው ደህና ቤት ይዟል። ሚስቱንና ልጁን ሊወስድ ነው የመጣው።"

"ሚስቱን? የትኛዋን?"

"የወለደችውን ነዋ" አለ ሹፌሩ፣ ዐይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

መቀስ ጆሮዋ ጮኸ። የመጣባት ፊት የልጅቷ ነው። አልጋዋ ባዶ ሆኖ፣ ቤቱ ጭር ብሎ ታያት። "ወጥታችሁ ሂዱ! አትመጣም! እሷም አትመጣም፣ ልጄም አትመጣም! ፊትህን ማየት አትፈልግም!"

"እስቲ ተረጋጊ" አለ ወንድምየው። "ለመሆኑ አንቺ ምኗ ሆነሽ ነው ስለ እሷ የምትመልሺው?"

መቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጣች። እህቷ አይደለች። እናቷ አይደለች። ጣውንቷ እንዳትል፣ ባል በሌለበት ምን ጣውንት አለ? ቃል ስታጣ ካውያውን አነሳች። ካውያው ቀዝቃዛ ነው፣ እነሱ ግን በምን ይወቁት! ሁለቱም ተሯሩጠው ወጡ፤ ያ ጨዋው ወንድምየው እንዲያውም ቀድሞ ነው የወጣው።

ትንሿ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታ ገባች። ልጅቷ ከኋላዋ ናት። መቀስ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ምስጋና ጠበቀች።

"መጥቶ ነበር?" አለች ትንሿ።

"አባረርኩልሽ! እንዳትደነግጪ። ሁለተኛ እዚህ በር አይደርስም።"

"ምን ብሎ መጣ?"

"ሊወስድሽ ነዋ! አትመጣም አልኩት። ወንድሙ ደግሞ 'አንቺ ምኗ ነሽ?' አይለኝም!"

ትንሿ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።  "ማን ጠየቀሽ?"

"ምን?"

"አትመጣም በይልኝ ብዬሻለሁ? ልኬሽ ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ልብስ ስሰፋ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ብቻዬን ስሆን፣ አንድ ቀን ቢመጣ የምለውን ሳሰላስል ኖሬአለሁ። እሱ ሲሄድ አልጠየቀኝም። አንቺም ስታባርሪው አልጠየቅሽኝም። ምን ለያችሁ?"

"እኔን ከእሱ ጋር?! አንቺ ልጅ፣ እንዳትደፍሪኝ!"

"ልጅ አይደለሁም! ልጄ እንኳ እማዬ የምትለው አንቺን ነው፤ እሺ ብያለሁ። ይኼንን ግን እሺ አልልም። አፌን መልሺልኝ!"

በዚያ ቤት ትንሿ ስትጮህ ተሰምቶ አያውቅም። መቀስ ቆሽቷ አረረ። ንዴቷ በሰውየው ነው፣ በትንሿም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ትንሿ እውነቷን መሆኑ ነው ያናደዳት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ወጣች።

ሹፌሩንና ወንድሙን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረሰችባቸው። ሹፌሩ ሲያያት ፈገግ አለ። "ሐሳብሽን ለወጥሽ ማለት ነው?"

"ዝም ብለህ ና!" አለችው እያለከለከች። "አንድ ቃል ብትተነፍስ ግን ዕዳው የራስህ ነው!" መንገዱን ሙሉ ፊት ፊት እየሄደች፣ ያባረረችውን ሰው በገዛ እግሯ እየመራች አመጣችው። የሰፈሩ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ቆሞ ያያል። ይይ! እነሱ ምን ያውቃሉ!

ትንሿ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። "እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥ፣ የእኔ ነው" አለችው። ቆመ።

"አልመጣም" አለች። "ስትሄድ ምክንያትህን አልነገርከኝም፣ እኔም የእኔን አልነግርህም። አልመጣም፣ በቃ።" ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞረች። "ይቺ ሴትዮ ምኔ እንደሆነች ጠየቁ አሉ፣ ጋሼ። እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንደ አማት ታንገበግበኛለች። ሲያመኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። እርስዎ ያሻዎትን ስም ይስጧት።"

መቀስ ልቧ ዘለለ። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን ሹፌሩ፣ "ልጄስ?" አለ።

"ልጅህ አፍ አላት። እሷን ጠይቃት።"

መቀስ "እሷማ..." ብላ ጀመረች። ትንሿ አየት አደረገቻት። መቀስ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያም በዕድሜዋ አታውቅም ነበር።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን እየነካካች፣ "ቤቱን ማየት እፈልጋለሁ" አለች። "እኖራለሁ አላልኩም። እሱንም አላውቀውም። ግን ሰው አባትሽ ማነው ሲለኝ የምለው ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ነገ ሄጄ ላየው እችላለሁ?"

ጥያቄዋ ለትንሿ አልነበረም። ዐይኗ መቀስ ላይ ነው። "እማዬ፣ ብሄድ ትቀየሚኛለሽ?"

መቀስ በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ጠላች። ሰውየውን፣ ወንድሙን፣ አፌን መልሺልኝ ያለችውን ትንሿን፣ ከሁሉም አብልጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሮጡትን እግሮቿን። "አልቀየምሽም፣ የእኔ ቆንጆ" ማለት ይቻል ነበር። ሌላ እናት ትለው ይሆናል። እሷ አልቻለችም።

"እንዴት አልቀየምሽ! እቀየምሻለሁ እንጂ!" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "ሂጂ። ሂጂና እይው። ግን ተመልሰሽ ስትመጪም ተቀይሜ ነው የምታገኚኝ፣ እወቂው!"