ሀሊማ ጎባ ችሎት የጠየቀችው

ባለፈው ሳምንት ጎባ ላይ ስብሰባ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሹም ሕዝቡን አስጠርተው፣ «ምን ጎደላችሁ? መንግሥት ምን ያድርግላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔም እንደ ሰዉ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥሁ። ከዲንሾ የወረደ አንድ ገበሬ ተነሥቶ ውሃ ስለ ወሰደው ድልድይ በኦሮምኛ ተናገረ። አንዲት ሴት ደግሞ ስለማያልቅ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እያለቀሰች አስረዳች። ሹሙ ጎን የቆመ አንድ ወጣት ቃላቸውን እየተቀበለ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ልጁ ጎበዝ አስተርጓሚ ነበር፤ ምንም አላጎደለም። እኔ ግን የተናጋሪውን ቃል ካፉ እየለቀምሁ፣ ከልጁ አማርኛ ጋር አስተያይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ፣ «እትዬ አስካለ፣ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ ነው?» አለችኝ።

ዳዊት አልነበረም። ይህን አመል ያወጣሁት ከአርባ ዓመት በፊት፣ ጎባ ገና የጦር ሰፈር ሳለች ነው።

ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ፣ የባሌ አገር ሲያዝ እዚሁ የቀረ ሃምሳ አለቃ ነው። ከጎባ በላይ መሬትና ገባር ተሰጥቶት ጎጆ ቀለሰ። እናቴ ቀድማ ስለ ሞተች እኔ ያደግሁት ከአካባቢው የኦሮሞ ልጆች ጋር ውሃ ስቀዳና እንጨት ስለቅም ነው፤ ኦሮምኛን መቼ እንደ ተማርሁት አላስታውስም፣ አማርኛንም መቼ እንደ ተማርሁ እንደማላስታውሰው ሁሉ። ጦርነቱ አብቅቷል፣ አሁን ሰላም ነው ይባል ነበር። ሆኖም ለአጥር፣ ለግቢ ሥራ፣ ለጭነት እየተባለ ከየመንደሩ ሰው ይወሰዳል። የተወሰደው ሁሉ አይመለስም። የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ አንድ በር ብቻ ነበር፦ የጎባ ችሎት።

እኔ እዚያ የሄድሁት ለራሴ ጉዳይ ነው። ትዳሬ አልሰመረም። ባሌ ስንለያይ አባቴ የሰጠኝን ላም አልመልስም ስላለ ከሰስሁት። ችሎቱ የሚውለው ከገዢው ግቢ ፊት ለፊት፣ ትልቅ ጥድ ሥር ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ መሬቱን አቡክቶታል። ባለጉዳዩ ሁሉ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። እኔም የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ጠበቅሁ።

ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ተጠራች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟ ሀሊማ፣ አገሯ ከሮቤ ማዶ። ከዳኛው ፊት ቆመችና ድምፅዋን ሳታነሣ በኦሮምኛ እንዲህ አለች፦

«ባሌን አደምን ጭነት ይሸከማል ብላችሁ በኅዳር ወሰዳችሁት። አልተመለሰም። ከድቷል ተብሎ ላሞቼ ተነዱ። አደም ልጆቹን ጥሎ የሚጠፋ ሰው አይደለም። ሞቶም ከሆነ ሞቷል በሉኝ። አባን ወራ ኪያ ኤሳ ጅራ? ባሌ የት ነው?»

አስተርጓሚው አቶ ወልዴ ይባላሉ፤ የአገሩ ተወላጅ፣ ከጦርነቱ ማግሥት የተጠመቁ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወደ ዳኛው ጎንበስ አሉና፣ «ጌታዬ፣ ባል የለኝም፣ አቅም የለኝም፣ ከዘንድሮው ግብር ይማሩኝ ትላለች» አሉ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። አጠገባቸው ወደ ተቀመጡት ባላምባራስ ዞር አሉ፤ ባላምባራሱ የሀሊማ አገር ሹም ናቸው። እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዳኛው፣ «ለዘንድሮ ተምረሻል» ብለው ፈረዱ። ሰዉ እጅ ነሣ። ሀሊማን ከኋላ ገፋ ገፋ አድርገው አወጧት።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ላሜ በዚያው ጠዋት ተፈረደችልኝ።

ስወጣ ሀሊማ አጥሩ ጥግ ቆማለች። በኦሮምኛ ሰላም ስላት ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ግብር ተምረሻል አሉ።»

«ግብር? ስለ ግብር ማን አነሣ?» አለች። ከዚያ የሆነው ገባትና ክንዴን ለቀቀች።

አቶ ወልዴን እስኪወጡ ጠብቄ ተከተልኋቸው። ተናድጄ ነበር። «አቶ ወልዴ፣ ያች ሴት ያለችው እኮ እንዲያ አይደለም። እኔ እሰማለሁ» አልኋቸው።

«እኔም እሰማለሁ፣ ልጄ» አሉኝ ሳይቆሙ። «ዐምና አንድ ሽማግሌ በሬውን ማን እንደ ነዳበት ጠየቀ። ቃሉን እንዳለ አስተረጎምሁለት። በሳምንቱ ስድስት ወታደር ቤቱ ገብቶ እንዲቀለብ ተመራበት፤ ጎተራውን ጨርሰውበት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የማስተረጉመው ሊሰጥ የሚችለውን ብቻ ነው። ቢያንስ ግብሩን ተማረች።» ጥቂት ተራምደው ቆሙና ፊቴን ተመለከቱ። «የሃምሳ አለቃው ልጅ ነሽ አይደለሽም? እንግዲያ እኔን ምን አስጠየቀሽ? ሸካሚዎቹን የመራው አባትሽ ነው።»

ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የበቅሎውን ኮርቻ ይጠግናል።

«አባዬ፣ አደም የሚባል ሸካሚ ታውቃለህ?»

«ስማቸውን አላውቅም» አለ። ስማቸውን ማለቱ አስደነገጠኝ፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ አንድ ሰው ነበር።

ኮርቻውን እየሰፋ ነገረኝ። ከተራራው ማዶ ደሎ ቆላ ላለው ጦር ስንቅ ያደርሱ ነበር። ከጎባ ሲነሡ ፀሐይ ነው። ሳነቴ ተራራ ራስ ላይ ሲወጡ በረዶ ጣለ። ሸካሚዎቹ ከአንድ አንድ ቁርበት በቀር ልብስ አልነበራቸውም። «እሳት እናንድድ አሉኝ» አለ አባቴ። «ባላምባራስ በአራት ቀን ድረሱ ብለውኛል። የአስታው ቁጥቋጦ ርጥብ ነው፣ አይነድም፣ ተነሡ አልሁ። ሦስቱ አልተነሡም። ስንመለስ እዚያው እንደ ተቀመጡ አገኘናቸው።»

«ታዲያ ከዱ የተባለው?»

«ሞቱ ከተባለ ማን አዘዘ ይመጣል። ባላምባራስ ከዱ በል አሉኝ፤ ከዱ አልሁ። ላሞቹ ይነዳሉ ብዬ አላሰብሁም።» መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰካው። «አስቤያለሁ» አለ ቆይቶ።

ማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ሮቤ ያን ጊዜ ነፋስ የሚጠርገው ሜዳ ናት፤ ስሟ ራሱ በኦሮምኛ ረቡዕ ማለት ስለ ሆነ ሰው የሚታይባት በዚያው ቀን ብቻ ነው። ሀሊማን ቅቤ ተራ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት፤ የአባቴንም ነገር አልደበቅሁም። እጆቿ ቅቤውን በቅጠል ሲጠቀልሉ አላቋረጡም።

«ኢና ሊላሂ» አለች። ቀጥላም፣ «አፈር አለበሱት ወይስ ለጅብ ተዉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ድንጋይ ከምረውበታል።»

ለአንዲት ገዢ ቅቤውን ሰጥታ ሸኘች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አባትሽ መጥቶ ይህንኑ እዚያ ጥድ ሥር ይናገር። ላንቺ ቢናገር ምን ይረባኛል? ልጆቼ የከዳተኛ ልጆች የተባሉት አንቺ ፊት አይደለም።»

ይህን ስነግረው አባቴ ሦስት ሳምንት አመመኝ አለ። እህል ይቀርብለታል፣ ይገፋዋል። እኔም አላባበልሁትም፤ ምግቡን አስቀምጬ እወጣለሁ። እንዲያ ማድረጌ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር አላወቅሁም። አንድ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ «ችሎቱ ዛሬ አይደለም?» አለኝ።

ጥዱ ሥር ተራዋ ሲደርስ ሀሊማ ያንኑ ቃል ደገመች። አቶ ወልዴ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ ባላምባራሱን አዩ። ከዚያ አንድም ሳይቀንሱ፣ አንድም ሳይጨምሩ አስተረጎሙት። ድምፃቸው ተራራ የወጣ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አባቴ ወደ ፊት ወጥቶ፣ «እኔ ነኝ የመራኋቸው። አልከዱም። ሳነቴ ላይ በብርድ ሞተዋል» አለ።

ባላምባራሱ ሳቁ። «ይህ ሰው ከጠዋቱ ጠጥቷል» አሉ።

ዳኛው አባቴን ትክ ብለው አዩት። እንዳልጠጣ ያወቁ ይመስለኛል። «ለሌላ ቀጠሮ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀጠሮ ነው። ገብሱ ታጨደ፣ ክረምት ወጣ፣ በልግ ገባ፤ ሀሊማ በየቀጠሮው ከሮቤ ማዶ በእግሯ ትመጣለች፣ ዛሬ አይሰማም ትባላለች። ባላምባራሱ ወደ ሌላ አገር በተሻለ ሹመት ሄዱ። ዳኛው ተለወጡ፤ አዲሱ ዳኛ ከመጀመሪያው ጀምሩ አሉ። እሳቸውም ተለወጡ። አባቴ ማዕረጉን አጣ፣ መሬቱም ለሌላ ተሰጠ። አቶ ወልዴ ከአስተርጓሚነት ወጥተው ጊኒር ጨው እየነገዱ ነው ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ለሀሊማ የማስተረጉመው እኔ ሆንሁ፤ ሴት አስተርጓሚ ብለው የሳቁ ነበሩ፣ በኋላ ለመሳቅም ሰለቻቸው።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ አባቴ፣ ሀሊማ፣ ትልቁ ልጇና እኔ ሳነቴ ወጣን። አባቴ ሳል ስለ ጠናበት በበቅሎ ነው የወጣው። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እንደ ዘበኛ ተራርቆ ቆሟል፤ በቀትርም ነፋሱ አጥንት ይገባል። ሀሊማ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዛ ነበር፤ ለሁላችንም እኩል ቆርሳ ሰጠችን፣ ለአባቴም። ከጥቂት መንገድ በኋላ አባቴ ከበቅሎው ወርዶ ሦስት የድንጋይ ክምር አሳያት።

«አደም የትኛው ነው?»

አስተረጎምሁለት። አባቴ መሬት መሬት አየ። «አላውቅም በያት» አለ።

ሀሊማ ሦስቱንም ዞረቻቸው። በመጨረሻ ከመካከለኛው አጠገብ ተቀመጠችና ለሦስቱም ዱዓ አደረገች። ልጇ ከአባቴ ጋር እስክንወርድ ድረስ አንዲት ቃል አልተነጋገረም።

አባቴ የዚያን ዓመት ክረምት ሳያልፍ ሞተ። በአራተኛው ዓመት አንድ በሽተኛ ዳኛ መጡ፤ ነገሩን እያዛጉ ሰሙና፣ «እንግዲያ ሞተዋል ተብሎ ይጻፍ» አሉ። ጸሐፊው ጻፈ። ስለ ላሞቹ ስጠይቅ፣ «የነዳቸው ሹም እዚህ የለም» ተባልሁ። ማን አዘዘ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሀሊማ በዚያው ሰሞን የባሏን ሰደቃ አወጣች። ጠርታኝ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር በላሁ። ትልቁ ልጇ ግን ሰላም ሳይለኝ አለፈ፤ አልፈረድሁበትም።

አሁን አባቴ በሞተበት ዕድሜ ላይ ነኝ፣ ሳላልፈውም አልቀርም። ስለዚያ ዘመን የሚጠይቁኝ ወጣቶች ዳኞቹ ጨካኞች ነበሩ ወይ ይሉኛል። ጨካኝ ብዙም አላየሁ። ያየሁት የሚዞር ፊት ነው፤ ጥያቄውን ሀሊማ አመጣች፣ ምስክሩን ሀሊማ አመጣች፣ መቃብሩንም በእግሯ ሄዳ ፈለገች፤ መንግሥት ያመጣው ቀጠሮ ብቻ ነበር።

ይህን ስናገር እኔ ራሴ ንጹሕ እንደ ሆንሁ አድርጌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ ያ ጥድ ሥር ቆሜ «ሦስት ሰዎች» እያልሁ አስተረጎምሁ። የአደም ስም የተጠራው ከሮቤ ማዶ የምትመላለስ ሚስት ስለ ነበረችው ነው። የሁለቱን ስም ዳኞቹ አልጠየቁም፣ አባቴ አላወቀም፣ እኔም ሀሊማን «እነማን ነበሩ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ታውቅ ነበር፤ አብረው ነው የተወሰዱት። ሀሊማ ካለፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እኔም እስከ ዛሬ ሦስት ሰዎች እላለሁ።