ኦቦ ደበላ ፈረስ የጫኑ ዕለት

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ገና በቅጡ አልነጋም። ረዳቱ "አምቦ፣ አንድ ሰው!" እያለ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስጠበቀን። ቦርሳዬ ውስጥ እጀታቸው በብስክሌት ከመነዳሪ የተጠቀለለ ወፋፍራም ማንኪያዎች አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አይተው፣

"ምን ልትሸጪ ነው?" አሉኝ።

ሥራዬ አዛውንቶች ከሕመም በኋላ መብላቱን፣ መልበሱን፣ የዕለት ሥራቸውን መልሰው እንዲለምዱ ማገዝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ለዚህም ትምህርት አለ?" ብለው እስከ ሆለታ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከከተማ ስወጣ እንዲህ ያደርገኛል።

2 ሰዓት፤ ጊንጪ

አስር ደቂቃ እረፍት። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። አፌ ተቃጠለ፤ ደገምኩ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ፤ አምቦ

የጠራችኝ መምህርት ጫልቱ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። የምንሄደው ወደ አባቷ ነው። ኦቦ ደበላ ወንጪ ሐይቅ ላይ ለጎብኚዎች ፈረስ ያከራዩ ነበር። ስትሮክ ግራ እጃቸውን ካሰነፈው ወዲህ ከደጅ አይወጡም።

"እዚህ ክፍል አዘጋጅቼላቸዋለሁ" አለች። "አልሄድም ይላሉ። ብቻቸውን ደግሞ እንዴት ልተዋቸው?"

በአይሱዙ፣ ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ወጣን። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ራሴ ጣሪያውን ይመታል።

7 ሰዓት፤ ሐሮ ወንጪ፣ ኦቦ ደበላ ቤት

"አካም ጅርቱ?" አልኩ፣ ያለችኝን ኦሮምኛ በሙሉ አውጥቼ። ኦቦ ደበላ በአማርኛ መለሱልኝ። ማንኪያዎቹን አገላብጠው አይተው ወደ ጎን አስቀመጧቸው።

"ምን መሥራት ነው የናፈቀዎት?"

ጫልቱ ቀድማ "ልብሳቸውን መልበስ…" ስትል፣

"ፈረስ መጫን" አሉ።

ችግሩ በባዝራቸው ሆድ ስር የሚታሰረው ጠፍር ነበር፤ ቋጠሮው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከአሮጌ ልጓም የብረት ቀለበት ፈትተን ጠፍሩ ላይ ሰፋን፤ በቀኝ እጅ ብቻ ተስቦ እንዲጠብቅ። መጀመሪያ ሲሞክሩ ኮርቻው ተንሸራቶ ባዝራዋ ሆድ ስር ተንጠለጠለ። ባዝራዋ ዞራ አየቻቸው።

"በቃ አባ" አለች ጫልቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እሳቸው ግን ኮርቻውን አነሱት። እስኪመሽ ስምንት ጊዜ ወደቀ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ስንነሳ ባዝራዋ ተጭና ደጅ ቆማለች። ኮርቻውን በሁለት እጄ ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

"ውጪ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በሕይወቴ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ልጓሙን ይዘው፣ እኔ ኮርቻውን ታቅፌ፣ ያን ቁልቁለት ወደ ሐይቁ ወረድን። ሐይቁን ለማየት ዓይኔን መክፈት ነበረብኝ፤ ዘግይቼ ከፈትኩ። ሰማያዊ ነው። ከፍርሃቴ የተነሳ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ኦቦ ደበላም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ጫልቱ ከኋላ ሆና አባቷን ብቻ ታያለች።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ "አባ፣ የአምቦውን ክፍል ምን ላድርገው?" አለቻቸው።

"አከራዪው" አሉ።

10 ሰዓት፤ ከአምቦ መልስ

አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው።

"እህቴ፣ ቦታ ሞልቶ ለምን ቆምሽ?" አለኝ ረዳቱ።

ፈረስ ስጋልብ ውዬ ነው አልኩት። አዲስ አበባ ድረስ ቆሜ ገባሁ።