በድንጋይ የታሰረው ጎማ

ንፋስ መውጫ ቦኖ ላይ ውሃ አስቀጂ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የቧንቧ ሠራተኛው አቶ ደረሰ ከቧንቧው የተቀጠለ ጎማ ጫፍ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነከረ። መስመሩን ከላይ ዘግቶ ከታች ሲከፍተው ባልዲው ጎደለ።

"አዩ እማማ፣ መስመሩ ውሃ ሲያጣ ከየቤቱ መልሶ ይጠጣል። ጎማ ውሃ ውስጥ አይተኛ" አለኝ።

ጠዋት አስቀዳለሁ፣ ከሰዓት በየቤቱ እዞራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ መዞር እወዳለሁ። ጎማችሁን ከበርሜሉ አፍ በላይ አንጠልጥሉት እላለሁ። "የጎማ ነፍስ አባታችን መጡ" ብለው ይስቁብኛል።

እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ወደየቤቱ የሚመጣውም ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትቶ ያድራል። ከቦኖው በላይ ያለችው ጓደኛዬ የሺ፣ ጠላ ሻጯ፣ ይባስ ብላ ጫፉን በድንጋይ አስራ ታሰጥመዋለች። በዚያው በርሜል ጌሾ የነካ እንስራዋን ታለቀልቅበታለች፤ ጥጃዋም ይጠጣበታል።

አውጪው ብዬ ብለምናት፣ "ውሃው ከላይ ሲወርድ ይጮሃል። ጎረቤት ሰምቶ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል። እምቢ ብል ክፉ እባላለሁ፣ እሺ ብል ባዶዬን እቀራለሁ" አለችኝ።

አንድ ክረምት ጎርፍ የታችኛውን መስመር ሰበረው። ተጠግኖ ውሃው ሲመለስ ቦኖዬ ጌሾ ጌሾ ሸተተ። ወረፋ የያዙት "ዛሬስ ቦኖውም ጠላ ጠመቀ" ብለው ተሳሳቁ። እኔ የየሺ በርሜል ወደ መስመሩ መመለሱ ገብቶኝ ወዲያው ዘጋሁት። ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነባ ግን ከሁሉ ቀድማ ቀድታ ሄዳለች። እየሮጥኩ ቤቷ ስደርስ ለሕፃን ልጇ አጠጥታዋለች። የልጅ ልጄ እኩያ ነበር። ተቅማጥ ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ቢተክሉለትም አልተረፈም።

አቶ ደረሰ መስመሩን አጠበ፣ ክሎሪን ጨመረ። የሺ ስትሰማ ድንጋዩን ፈትታ ወረወረችው። ለቅሶው ላይ ሄዳ ዘይነባ እግር ላይ ወደቀች። ዘይነባ "ተነሽ እቴ" አለቻት።

በበጋው ፈረቃው ራቀ። የሺ ቤት ጎራ ብል ጎማው በርሜሉ ውስጥ ነው፤ ሌላ ድንጋይ ታስሮበታል።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ፣ ዓይኗን ሰብራ።

ጎትቼ አወጣሁት። ስወጣ መልሳ እንደምትከተው አውቃለሁ።

ሥራውን ለምትረከቡኝ፦ የጎማ ጫፍ ከውሃው በላይ ይሁን። ውሃ በፈረቃ እስከሆነ ድረስ ግን ነግሬያቸዋለሁ ብላችሁ አትቀመጡ።