ለድንቼ ሚስት የጻፍሁት ወረቀት

እኔ የጻፍሁት ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። በባሕር ዳር ከፍርድ ቤቱ ደጅ በጥላዬ ሥር ተቀምጬ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ቃል ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ልጆቻቸው የት እንደ ታሰሩ ያጡ እናቶች መጥተው "ጻፍልን" ባሉኝ ጊዜም ጻፍሁ። የዚያ ማመልከቻ መልስ ከሁሉም ፈጠነ። በሦስተኛው ቀን በፒካፕ መጣ።

"ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?" አለኝ አንዱ።

"አይደለሁም" አልሁ። የእጅ ጽሑፌን ግን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

የወሰዱኝ ከሐይቁ ብዙም ወደማይርቅ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዐይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንገጫገጫል፤ የበሰበሰ የእምቦጭ አረም ሽታም ይገባል። እኛም ሽታ ስለ ለወጥን ደስ ይለናል። ውስጡ ሦስት መቶ ሰው ነበርን። ዋሸሁ፤ ሠላሳ ስምንት። ስንተኛ ግን ሦስት መቶ እንሆናለን፤ አንዱ ሲገላበጥ ተራው ሁሉ አብሮ ይገላበጣል።

ከጎኔ የሚተኛው ከቆጋ መስኖ የመጣ ወጣት ገበሬ ነበር። ድንችና ስንዴ ያመርታል። ማዳበሪያ ፍለጋ ሲንከራተት ተይዞ ማዳበሪያ መጋዘን ታሰረ። "ፈልገህ አገኘህ" ብዬ ቀለድሁበት፤ ስሙንም ድንቼ አልሁት። ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ሚስቱ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ስንቅ ለማቀበል ብላ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለእናቷ ትታ ባሕር ዳር አክስቷ ቤት ተቀምጣለች።

ጠያቂ የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። መገናኛው ሁለት የሽቦ አጥር ነው፤ በመካከሉ ፖሊስ የሚመላለስበት አምስት እርምጃ ያህል ባዶ ቦታ አለ። እኛ በዚህ፣ ዘመድ በዚያ ሆነን እንጮኻለን። "ሳሙናው ደረሰህ?" "ነጠላ ጫማ ላኩልኝ!" "ላሚቱ ወለደች!" አንድ ረቡዕ በዚህ ሁካታ መካከል የድንቼ ሚስት ጮኸች።

"ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር!"

"እ?"

"ሐኪም ቤት! በመሣሪያ አዩት! የራስ ቅል የለውም አሉ!"

"ምን የለውም?"

"የራስ ቅል! የጭንቅላቱ አጥንት አልተሠራም! ቢወለድም ከሰዓታት አያልፍም አሉኝ!"

ሰው አንድ ባንድ ዝም አለ። የላሟ ባለቤትም ተወ። እሷ ግን ዝም መባሉን አላስተዋለችም፤ እንደ ጮኸች ቀጠለች።

"ይውጣ ካልሽ አሁን ነው፣ ሕጉም ይፈቅዳል አሉ! ይህ ወር ካለፈ ለአንቺም ይከብድሻል አሉ! ልውለደው ካልሁም እችላለሁ! ባልሽን አማክሪ አሉኝ! ያላንተ ቃል አላደርገውም! ምን ላድርግ?"

ድንቼ ሽቦውን ይዞ ቆመ። ከንፈሩ ተነቃነቀ። ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ፤ ሰዓቱ አልቋል።

በእኛ ክፍል ያለ ስብሰባ ምንም አይደረግም። ሰብሳቢያችን አንድ የቢሮ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው፤ እናቱ ስትወልደው ራሱ አጀንዳ አስይዞ የወጣ ይመስለኛል። ሐሙስ ጠዋት ጉሮሮውን ጠረገ።

"የዛሬው አጀንዳ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስኳር አጠቃቀም። ሁለተኛ፣ የድንቼ ባለቤት ጉዳይ።"

የሳቀ የለም። እኔም አልሳቅሁም፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁና ኮስተር ብዬ ነበር። ስኳሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ተሄደ።

"ነፍስ ነው። ነፍስ አይነካም" አለ አንዱ።

"እንዴ!" አለ በጎንደር መስመር አውቶቡስ የሚነዳ ሰው። "ሴትዮዋ የመጀመሪያውን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ። ምጧ በዝጉ ቀን ቢመጣስ? ሐሙሲት ላይ አምቡላንስ ሲመልሱ በዐይኔ አይቻለሁ።"

"ፈጣሪ ያውቃል።"

"ፈጣሪማ ያውቃል። የማያውቀው ኬላው ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ የኔታ ዞረ። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በመጋዘኑ ውስጥ ልብሳቸው ያልቆሸሸ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ሕጉን ነው የምትጠይቁኝ ወይስ እኔን?"

"ሕጉን።"

"ሕጉማ ነፍስ አታጥፉ ነው። ለሞት የደረሰ ሕፃንም ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃል።"

"እናቲቱ ብትሞትስ?" አለ ሾፌሩ።

"ያን ጊዜ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ ፍትሐት አድራሽ ነኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ሐጂ እጃቸውን አወጡ። ከሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስብሰባ ተናግረው አያውቁም።

"የእኔም አንዱ እንዲህ ነበር" አሉ። "ያኔ መሣሪያ የለ፤ ቀድሞ የነገረን የለ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ተሲዓቱ የአስር ሶላት አቀፍሁት። ከዚያ ቀበርነው።" ቆባቸውን አስተካከሉ። "የእናቱ ጡት ግን ሞላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወተቱ ቀሚሷን ያርሳል። ስለ ወተቱ የነገረን ሰው አልነበረም።"

"እና ሐጂ፣ ይወለድ ነው የሚሉት ወይስ ይውጣ?" አለ ሰብሳቢው።

"እኔ ስለ ወተቱ ነው የነገርኋችሁ።"

ድምፅ ተሰጠ። ይወለድ ያሉ ሃያ አንድ፣ ይውጣ ያሉ ዐሥራ አንድ። የኔታና ሐጂ እጅ አላወጡም። ሦስቱ ተኝተው ነበር። እኔ ከብዙኃኑ ጋር አወጣሁ፤ እጄ ብዙ ሰው ወዳለበት መሄድ ይወዳል። ሴትዮዋን ያየናት በሁለት አጥር ማዶ ነው። በማኅፀኗ ላይ ግን እጅ አወጣን። ድንቼን የጠየቀው የለም፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ በጥፍሩ ሲሚንቶውን ይፍቅ ነበር።

ዐርብ ጠዋት "ከእንግዲህ ጠያቂ አይገናኝም፤ ስንቅ ብቻ ይገባል" ተባለ። ድንቼ ቧንቧው አጠገብ ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ለሚስቴ ወረቀት ይጻፉልኝ።"

"የጉባኤውን ውሳኔ?"

"ጉባኤው አላገባትም።"

ሾፌሩ የደበቃትን ቀፎ የሌላት እስክርቢቶ ተዋስሁ፤ የሳሙና ልባስ ገለበጥሁ። "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀመርሁ፤ ልማድ ነው።

"እንዲያ አይደለም ጋሼ። እኔ የምልዎትን ብቻ" አለና ዐይኑን ከውሃው ሳያነሣ ነገረኝ፦

"ብትወልጂው ልጄ ነው። ብታስወጪውም ሚስቴ ነሽ። የቻልሽውን አድርጊ። ማንም ቢጠይቅሽ ባሌ ነው ያዘዘኝ በይ።"

በሃያ ዓመት ሥራዬ ከራሴ አንድ ቃል ያልጨመርሁበት ጽሑፍ ያ ብቻ ነው።

ባዶ ሳህን ወደ በሩ የማመላልሰው እኔ ነበርሁ። ቅዳሜ ወረቀቷን አጣጥፌ በመዳፌ ይዤ ወጣሁ፤ ከበሩ ስደርስ በድንቼ ሚስት ሳህን ክዳን እጀታ ሥር ልሸጉጣት ነበር። ሳህኑን አስረከብሁ። ወረቀቷ ግን አልሄደችም። ለክፍሉ ያወራሁት እንዲህ ብዬ ነው፦

"ሦስት ፖሊስ ከበበኝ! አንዱ ክንዴን ጠመዘዘ፣ አንዱ ክዳኑን ይበረብራል፣ ሦስተኛው አፍህን ክፈት አለኝ። ከመያዛቸው በፊት ዋጥኋት! ምላሴን እያገላበጡ ፈለጉ፣ ምን ያግኙ!"

"ወንድ!" ተባልሁ። ጀርባዬን መቱኝ። ሰብሳቢው ከራሱ ስኳር ሁለት ማንኪያ ጨመረልኝ፤ ያለ ስብሰባ።

ድንቼ ሰው ሁሉ ሲበተን ቀረበኝ። "አይዞዎት ጋሼ። ለእኔ ብለው ሊጎዱ ነበር" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ሌላ እንጻፍ?" አለ።

"አሁንማ ነቅተውብናል። አፍ ድረስ እየፈተሹ? ቢይዙን ክፍሉ ሁሉ ነው የሚቀጣው።"

"ልክ ነው" አለ ሰብሳቢው። "ወረቀት መላክ ተከልክሏል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከክፍላችን አንድም ወረቀት አልወጣም። የደፈረ የለም። ድንቼም ሰው ላስቀጣ አላለም። ረቡዕ ስንቁ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመጣል። ሽሮውን ሲበላ አየዋለሁ፤ ማላመጡን ይረሳና ጉንጩ እንደ ሞላ ይቀመጣል። አልቀለድሁበትም። እኔ ያልቀለድሁበት ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የለም፤ በእሱ ግን ያን ሰሞን አፌ ተያዘ።

መገናኘት የተፈቀደው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ገና አጥሩ ጋ ሳትደርስ ድንቼ ሽቦውን ጨብጦ፣ የዋጥኋትን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ እየጮኸ ነገራት። የኔታ እየሰሙ፣ እጅ ያወጡት ሁሉ እየሰሙ፣ የሰው ዘመድ ሁሉ እየሰማ። "ባሌ ነው ያዘዘኝ በይ!" ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በመካከል የሚመላለሰው ፖሊስ ቆሞ መሬት መሬት አየ።

"ቀኑ አለፈ እኮ!" ብላ ጮኸች። "እንግዲህ እወልደዋለሁ!"

"እሺ!" አለ። "እሺ፣ የኔ እናት!"

ለምን እንደ ያዙን ሳይነግሩን እንደ ያዙን ለቀቁን። እኔ ወደ ጥላዬ ተመለስሁ። ከወራት በኋላ ባልና ሚስቱ ፈልገውኝ መጡ። የተወለደችው ሴት ነበረች። መንገድ እንዳይዘጋባት እናቷ ከባሕር ዳር ሳትንቀሳቀስ ቆይታ ዳግመኛ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ልጅቱ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ኖረች። ቄስ ደርሶላት ተጠመቀች። ስም አላት፤ ስሟ የእነሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። አባቷ ያን ጊዜ ገና አልተፈታም ነበር፤ አላያትም።

ድንቼ ውሃ ሊገዛ ሲሄድ የማይጠየቅ ጥያቄ ጠየቅሁ። "መውለድሽ ቆጨሽ?"

"በመውለዴስ አልተቆጨሁም፤ ጣቴን ይዛኝ ነበር" አለች። "ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ጊዜ ልቤ ማስወጣቱ ላይ ነበር። የእሱን ቃል ነበር የምጠብቀው። ሳህኑ በተመለሰ ቁጥር ክዳኑን፣ እጀታውን፣ ፌስታሉን እበረብራለሁ፤ ምንም የለ። ባሌ ጨከነብኝ አልሁ። ሐኪሙ ያለኝ ቀን እስኪያልፍ ያን እያሰብሁ ተቀመጥሁ። ያቃጠለኝ ያ ነው።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። "እርስዎ ግን ለእኛ ብለው ወረቀት ዋጡ። እግዜር ይስጥልን።"

እጄን አልነጠቅሁም።

ይህን ወሬ በየሻይ ቤቱ ነግሬዋለሁ። ሦስቱ ፖሊስ ስድስት ሆነዋል፤ በቅርቡ ደግሞ ውሻ ጨምሬባቸዋለሁ። ሰሚው ሁልጊዜ ከእኔ ጀግንነት አልፎ ወደ ልጅቱ ይሄድና ይከራከራል፤ መወለዷ ልክ ነበር፣ ልክ አልነበረም ይባባላል። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። የምሰጠው ፍርድ የለኝም።

ያን ቅዳሜ በበሩ ላይ የነበረው ፖሊስ አንድ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር። ቀና ብሎ "እንደምን አደሩ አባባ" አለኝ። ማንም አልፈተሸኝም። ፈርቼ ዋጥኋት።